መስታወት በጎማ ሲጠረግ መስመር እንዳይቀር፦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው

መስታወቱ ታጥቦ፣ በጎማ ተጠርጎ፣ ሁሉም ያለቀ ከመሰለ በኋላ ፀሐይ ዞር ስትል መስመሩ ይወጣል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ የሚያደርገው ሳሙና መጨመር ነው። መስመሩ ይብሳል። ቀጥሎ ጨርቅ ይመጣል፤ ጨርቁ ክሩን ይተዋል። ከዚያ ጋዜጣ ይፈለጋል። ሦስት መስኮት ሳይጠናቀቅ ግማሽ ቀን ያልፋል።

መስመር ግን ዝም ብሎ አይወጣም። ቀጭን ሆኖ የሚወርደው፣ አግድም እንደ ደረጃ የሚደረደረው፣ ከላይ ጠብ ጠብ የሚለው፣ መስታወቱን በሙሉ የሚያጎመው፣ እያንዳንዱ የየራሱ ምክንያት አለው፤ ቅርጹን አይቶ ምክንያቱን ማወቅ ይቻላል። አብዛኛው ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የሳሙና ማነስ ሳይሆን የጎማው ጠርዝ ወይም የእጅ አያያዝ ነው።

እዚህ የምናወራው ስኩዊጂ ስለሚባለው የመስታወት መጥረጊያ ነው፦ እጀታ፣ ቀጭን የብረት ቤት፣ ቤቱ ውስጥ ተስቦ የሚገባ አንድ ጎማ። የወለል ውሃ የሚገፋበትን ወፍራም ስፖንጅ ያለው መጥረጊያ፣ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ማጋብ የሚሉትን ዓይነት፣ መስታወት ላይ አትሞክሩት። የወለሉ መጥረጊያ ውሃ ይገፋል እንጂ ከመስታወት ላይ ቆርጦ አያነሳም። በነገራችን ላይ ዛሬ በእጃችን ያለውን ቅርጽ የሠራው ወደ አሜሪካ የተሰደደ ጣሊያናዊ የመስኮት አጽጂ፣ ኤቶሬ ስቴኮኔ ይባላል። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 ነው። ከእሱ በፊት የነበረው መጥረጊያ ከባድ ብረት ሆኖ ሁለት ጎማ የተገጠመለትና ጎማውን ለመቀየር ብዙ ብሎን መፍታት የሚጠይቅ ነበር። እሱ ቀላል ብረት ላይ አንድ ስለታም ጎማ ብቻ አስቀረ። ከዚህ በታች የምትሠሩት ሁሉ ያችን አንዷን ጠርዝ ለመጠበቅ ነው።

ሰዓቱን መምረጥ

መስመር የሚጀምረው ገና ባልዲው ሳይሞላ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው መስታወት ይሞቃል፤ የሞቀ መስታወት ላይ ያለ ውሃ ጎማው ሳይደርስበት ይደርቃል፤ የደረቀው ሳሙና ከነቆሻሻው እዚያው ይጣበቃል። በአዲስ አበባና በሌላውም ደጋ ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ ደረቅ፣ ፀሐዩ ኃይለኛ ስለሆነ ይሄ በደቂቃ ውስጥ ይሆናል። መፍትሔው ጥላን መከተል ነው፦ ጠዋት ወደ ምዕራብ የሚያዩትን መስኮቶች፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ የሚያዩትን። መዳፋችሁን መስታወቱ ላይ አሳርፉ፤ ከሞቀ ሌላ መስኮት ጀምሩ።

ለእንቁጣጣሽ ቤት የሚጸዳበት የጳጉሜ ሰሞን ለዚህ ሥራ ከዓመቱ የተሻለው ጊዜ ነው። ክረምቱ የረጨው ጭቃ ብዙ ቢሆንም ሰማዩ ስለሚደመንና አየሩ እርጥብ ስለሆነ ውሃው እጃችሁን ይጠብቃል። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ለምትሠሩ ደግሞ በበጋው ወራት ከማለዳ ውጪ ያለው ሰዓት ውጪውን መስታወት ለማጠብ አይሆንም፤ አሸዋ አዘል ነፋስ ካለም ቀኑን መተው ይሻላል።

ውሃውና ሳሙናው

ለ5 ሊትር ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም። ሳሙናው እዚህ ሁለት ሥራ አለው፦ ቅባቱን ማላቀቅና ጎማው መስታወቱ ላይ እንዲንሸራተት ማድረግ። ከዚያ ያለፈው ትርፍ ሳሙና መስታወቱ ላይ ይቀርና ሲደርቅ ጉም ይሆናል። ገበያ ላይ ያለው ላርጎ፣ በተለይ በጀሪካን እየተቀዳ የሚሸጠው፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ስለሆነ መጠኑን በእጃችሁ ፈትኑ። ሁለት ጣታችሁን ነክራችሁ አፋትጓቸው፤ ሙልጭ ሙልጭ ካለ በቂ ነው። ባልዲው ላይ አረፋ ከተከመረ አብዝታችኋል፤ ግማሹን ደፍታችሁ ውሃ ጨምሩበት።

የዱቄት ሳሙና አይሆንም። ኦሞ እየተባለ የሚጠራው የዱቄት ሳሙና ሁሉ ለልብስ ነው የተሠራው፤ ውስጡ ያለው ጨው መስታወት ላይ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ያልሟሟው ቅንጣትም ጎማው ሥር ይገባል። በረኪናም ለመስታወት የሚያደርገው ነገር የለም። እንዲያውም አቼቶ የምትጠቀሙ ከሆነ በረኪና አጠገቡ አይድረስ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚያፍን መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ላምባ ደግሞ የቀለም ጠብታ ያላቅቃል፤ ነገር ግን የቅባት ሽፋን ትቶ ስለሚሄድ ከተጠቀማችሁበት በኋላ መስታወቱን በሳሙና ደግማችሁ ማጠብ ግድ ነው።

ውሃውም ራሱ ይመረመራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ቧንቧው ከቆይታ በኋላ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወርደው ደፍራሽ ነው። ሮቶና ጀሪካን ሥርም ደለል ይቀመጣል። ያ ደለል ባልዲው ውስጥ ከገባ አንዷ ቅንጣት ጎማውና መስታወቱ መካከል ተይዛ ከላይ እስከ ታች መስመር ታወርዳለች፤ ሲብስ ትጭራለች። ውሃውን አሳድሩትና ከላይ ከላይ ቅዱ፣ ወይም በንጹሕ ጨርቅ አጥሉት።

ሌላው የውሃው ማዕድን ነው። እንደ ድሬዳዋ ያለ የከርሰ ምድር ውሃው ከኖራ ድንጋይ የሚወጣ ከተማ ላይ የምትኖሩ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጡ ነጭ ቅርፊት እንደሚይዝ ታውቃላችሁ። ያው ቅርፊት መስታወት ላይ ነጭ ነጥብ ይሆናል። ክረምት ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርድ የዝናብ ውሃ እንዲህ ያለ ማዕድን ስለሌለው ለመስታወት እጅግ ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ ካጠበ በኋላ የሚወርደውን አጠራቅሙ። የዝናብ ውሃ ከሌለ ደግሞ ዋናው ነገር አንዲት ጠብታ እንኳ መስታወቱ ላይ እንድትደርቅ አለመተው ነው።

ጎማውን ማየት

ይሄን ክፍል የሚዘሉት ሰዎች ናቸው በኋላ በመስመር የሚቸገሩት። ጎማውን ወደ ብርሃን ይዛችሁ ጠርዙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከቱ፤ ከዚያ በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ቀስ ብላችሁ ሂዱበት። ጠርዙ እንደተቆረጠ አራት ማዕዘን ስለታም መሆን አለበት። ክብ ካለ አርጅቷል። ጥፍራችሁን የሚይዝ ስንጥቅ ካለ እዚያው ቦታ ላይ ሁልጊዜ መስመር ይወጣል፤ ምንም ዓይነት ሳሙና አያድነውም።

ጎማ ሲያረጅ ወዲያው አትጣሉት። አብዛኛው ጎማ ሁለት የሚሠራ ጠርዝ ስላለው ከቤቱ አውጥታችሁ ገልብጣችሁ መልሱት። ሁለቱም ካለቁ መለወጫ ጎማ ለብቻው ይሸጣል፤ መርካቶ የጽዳት ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች ጠይቁ። ረዘም ያለ ገዝታችሁ ስትቆርጡ መቀሱ ስለታም ይሁን፣ አቆራረጡም ቀጥ ያለ። ጎማው ከብረት ቤቱ በሁለቱም በኩል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይውጣ። ብረቱ ከጎማው እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ጥጉ ላይ ውሃ ይቀራል፣ ፍሬሙንም ይጭራል። ቤቱ ውስጥ የላላ ጎማ ሲጎተት ስለሚታጠፍ ጫፎቹ ላይ ያሉት መያዣዎች መጥበቃቸውን አረጋግጡ።

ስለ መጠን፦ ለተለመደ የአሉሚኒየም መስኮት 35 ሳንቲ ሜትር ጥሩ ነው። ሰፋፊ የሱቅ መስታወት ላይ 45ም ይሠራል፤ ገና ለሚለማመድ ሰው ግን ረጅም መጥረጊያ እኩል መጫን ያስቸግረዋል። ርካሹ የፕላስቲክ መጥረጊያ ጎማው የማይወልቅ ከሆነ ገንዘባችሁን አታውጡበት።

ከመጥረጊያው ሌላ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ማርጠቢያ ስፖንጅ፣ ባልዲ፣ ሁለት ጨርቅ። አንዱ ጨርቅ ጎማውን ለመጥረግ፣ ሌላው ለጠርዝና ለጥግ፤ አይቀላቀሉ። ማይክሮፋይበር ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ብዙ ጊዜ የታጠበ ያረጀ የጥጥ አንሶላ ክር ስለማይለቅ ይበልጣል። አዲስ ፎጣ አይሆንም። የልብስ ማለስለሻ የነካው ጨርቅም ቅባት ይተዋል።

አሠራሩ

1. መጀመሪያ በደረቁ። የፍሬሙን፣ የሐዲዱንና የመደገፊያውን አቧራ በደረቅ ብሩሽ አራግፉ። የሸረሪት ድሩንም። ይህ ሳይሆን ውሃ ከነካው አቧራው ጭቃ ሆኖ ጥጉ ላይ ይቀመጥና ጎማው ባለፈ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየጎተተ ወደ መሐል ያመጣዋል።

2. አርጥቡና እሹ። ስፖንጁን ነክራችሁ ትንሽ ጨመቅ አድርጉት። መጀመሪያ ዙሪያውን፣ ከዚያ መሐሉን። ጥጉ በደንብ ይታሽ፤ ቆሻሻው የሚሸሸገው እዚያ ነው። ቆሻሻውን የሚያላቅቀው ይህ እሽታ ነው፤ ጎማ ያነሳል እንጂ አያጸዳም። መስታወቱ ወጥ ሆኖ ይርጠብ፤ እየጎረፈ ግን አይሁን።

ከውስጥ በኩል ያለው መስታወት ብዙ ጊዜ ሁለት ዙር ይፈልጋል። ዕጣን በሚጨስበት፣ ቡና በሚቆላበት፣ ቁሌት በሚቁላላበት ቤት ጭሱና የዘይቱ እንፋሎት መስታወቱ ላይ ተጣባቂ ሽፋን ይሠራል። በጣት ሲነካ ሳብ የሚያደርግ ከሆነ እሱ ነው። ለመጀመሪያው ዙር ለብ ያለ ውሃ ወስዳችሁ ሳሙናውን ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ አሽታችሁ ጥረጉት፣ ከዚያ ባልዲውን ለውጣችሁ በመደበኛው ቀጭን ውሃ እንደ አዲስ ጀምሩ። አንድ ዙር ብቻ ሄዶ ጉሙን በጨርቅ ማባረር ቅባቱን ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ነው።

3. ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ሙሉ ለሙሉ የደረቀ ጎማ መጀመሪያ ላይ ይነጥራል፣ ውሃ የሚንጠባጠብበት ደግሞ መስመር ይጀምራል። ጤዛ ያህል እርጥበት ይኑረው።

4. መነሻውን አድርቁ። ጨርቁን ጣታችሁ ላይ ጠቅልላችሁ ከላይኛው የፍሬም ጠርዝ ሥር ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ደረቅ መነሻ ከግራ ወደ ቀኝ አውጡ። ከግራው ጎንም እንደዚሁ ከላይ እስከ ታች። ብዙ ሰው የማይሠራት ይህቺ ናት፣ ብዙውን ጠብታ የምታስቀረውም እሷው ናት። ጎማው ከእርጥብ ጠርዝ ከተነሳ ፍሬሙ ሥር ያለውን ውሃ ይዞ ይወርዳል፤ ከደረቀ ቦታ ከተነሳ የሚያንጠባጥበው የለም።

5. ጎትቱ። ጎማውን ደረቁ መነሻ ላይ አሳርፉ፣ እጀታውን ከመስታወቱ ጋር ጠባብ ማዕዘን፣ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ገደማ፣ እንዲሠራ አዘንብሉ፣ ከላይ ወደ ታች በአንድ ትንፋሽ ሳትቆሙ አውርዱ። ግፊቱ ቀላልና እኩል ይሁን። በኃይል ሲጫኑት የተሻለ የሚጠርግ ይመስላል፤ ያን ጊዜ ግን ጎማው ስለሚታጠፍ መስታወቱን የሚነካው ስለታሙ ጠርዝ መሆኑ ይቀርና የጎማው ጎን ይሆናል።

6. በደረቁ በኩል ያለው ጫፍ ይቅደም። ይህን ሕግ ከያዛችሁ ግማሹ ችግር ይፈታል። ከግራ ወደ ቀኝ እየሄዳችሁ ወደ ታች የምትጎትቱ ከሆነ ግራው ደርቋል ማለት ነው፤ ስለዚህ የመጥረጊያው ግራ ጫፍ ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቅደም። ውሃው ወደ ቀኝ፣ ገና ወዳልተጠረገው እርጥብ ክፍል ይገፋል። አግድም የምትጠርጉ ከሆነ ደረቁ ከላይ ነው፤ የላይኛው ጫፍ ይቅደም፣ ውሃው ወደ ታች ይወርዳል። ተገላቢጦሽ ከያዛችሁት ውሃው ወደ ደረቁ ይፈስና እያንዳንዱ ጉተታ ዳር ዳሩን መስመር ይተዋል።

7. በየጉተታው ጎማውን ጥረጉ። ከታች እንደደረሳችሁ ጎማውን አንስታችሁ በመጀመሪያው ጨርቅ አንዴ ሳብ አድርጉት። ከዚያ ቀጣዩን ጉተታ ስትጀምሩ ካለፈው ደረቅ ክፍል ላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይደረብ።

8. ዙሪያውን ጨርሱ። ሁለተኛውን ደረቅ ጨርቅ አጥፋችሁ በጠርዙ ብቻ ታችኛውን መስመርና ጥጎቹን አንዴ ሂዱባቸው። መሐሉ ላይ የቀረች ትንሽ ነገር ብታዩ አሥር ሴኮንድ ታገሡ፤ ብዙ ጊዜ ራሷ ትደርቃለች። ለእያንዳንዷ ነጥብ ጨርቅ ይዞ መሮጥ ነው ንጹሑን መስታወት የሚያበላሸው። መደገፊያው በመጨረሻ ይወልወል።

አንዳንድ ባለሙያዎች ጎማውን ሳያነሱ እንደ እባብ እያጠማዘዙ አንዱን መስታወት በአንድ እንቅስቃሴ ሲጨርሱ አይታችሁ ይሆናል። ደስ ይላል፣ ፈጣንም ነው። ቀጥታው ጉተታ መስመር ሳይተው እስኪወጣላችሁ ድረስ ግን አትሞክሩት፤ መታጠፊያው ላይ የትኛው ጫፍ እንደሚቀድም ስለሚቀያየር ጀማሪ እዚያው ላይ ነው ውሃ የሚለቀው።

አንድ ጠቃሚ ዘዴ ግን ልንገራችሁ። ከውጪ በኩል ከላይ ወደ ታች፣ ከውስጥ በኩል አግድም ጥረጉ። በኋላ መስመር ሲታያችሁ ቆሞ ከወረደ ውጪ ነው፣ ከተጋደመ ውስጥ ነው። የየትኛው ወገን እንደሆነ ሳያውቁ ወጥቶ መግባት ይቀራል።

መስመሩን ማንበብ

አሁን ያ ሁሉ ተደርጎም መስመር ከቀረ ቅርጹን ተመልከቱ።

ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ በጉተታው አቅጣጫ የሚሄድና በእያንዳንዱ ጉተታ ላይ እዚያው ቦታ የሚደጋገም ከሆነ ጎማው ላይ ነው ነገሩ። ቅንጣት ይዟል ወይም ተሰንጥቋል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ድገሙ፤ ከተመለሰ ገልብጡት ወይም ቀይሩት።

ሁለት ጉተታዎች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ አልደረባችሁም፣ ወይም የተሳሳተውን ጫፍ አስቀድማችኋል። የጎማው ጫፍ በደንብ ያልተቆረጠም ሊሆን ይችላል፤ መጥረጊያውን ገልብጣችሁ በሌላኛው ፊቱ ሞክሩ። መስመሩ ጎን ከቀየረ ጥፋተኛው ጫፉ ነው።

ከጉተታው አቅጣጫ ተሻግሮ አግድም አግድም እንደ ደረጃ የሚደረደር ከሆነ ጎማው እየነጠረ ነው፤ ሲጎተት የሚጮኸውም ያኔ ነው። እዚህ ላይ ብቻ ሳሙናው በእውነት ሊያንስ ይችላል፤ ጥቂት ጠብታ ጨምሩ። መስታወቱ መድረቅ ጀምሮ ከሆነ ደግሞ እንደገና አርጥቡት። ጎማው በዕድሜ ከደረቀና ከጠነከረም ይነጥራል። መሐል ላይ አንዴ ብቻ የተሰመረ አግድም መስመር ከሆነ ግን እዚያ ቦታ ላይ ቆማችሁ ነበር ማለት ነው።

ከላይ ወይም ከጎን የሚወርድ ጠብታ ከፍሬሙ የመጣ ነው። አራተኛውን ደረጃ ዘላችኋል፣ ወይም ስፖንጁ በጣም ረጥቦ ነበር። የአሉሚኒየም መስኮት የላይኛው ጎማ ውስጥ ውሃ ስለሚይዝ ከመጥረጋችሁ በፊት በጨርቅ ጫን ጫን አድርጉት።

መስታወቱን በሙሉ ያለበሰ ጉም ሲሆን ጎማው ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ባልዲው ነው። ሳሙናው በዝቷል፣ ውሃው ቆሽሿል፣ ወይም የቅባቱ ሽፋን ገና አልለቀቀም። ውሃው የሻይ መልክ ሲይዝ መለወጥ ነበረበት።

ነጫጭ ነጥቦች የደረቀ ማዕድን ናቸው፤ ሳሙና አይነካቸውም። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ ጨርቅ ነክሩና መስታወቱ ላይ ለጥፋችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት፣ አሽታችሁ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ እንደተለመደው ጥረጉ። ቤታችሁ የመስኮቱ መደገፊያ እብነ በረድ ወይም ተራዞ ከሆነ መጀመሪያ በደረቅ ፎጣና በፕላስቲክ ሸፍኑት። አቼቶ እብነ በረድን ይበላዋል፣ የጠፋው አንጸባራቂነትም በማጠብ አይመለስም።

ከሁለቱም ወገን ተጠርጎ የማይሄድ፣ ጥፍር የሚይዘው መስመር ደግሞ ቆሻሻ አይደለም፤ ጭረት ነው። እሱን ተዉት።

አስቸጋሪዎቹ

አዲስ የተሠራ ወይም የታደሰ ቤት መስታወት ላይ የቀለም፣ የሲሚንቶና የሲሊኮን ጠብታ ይኖራል። ጎማው በእነዚህ ላይ ሲያልፍ ይዘልና ከሥራቸው መስመር ይጎትታል፣ ጠርዙም ይቆረጣል። ስለዚህ ከማጠብ በፊት ይነሱ። መስታወቱን በደንብ አርጥባችሁ አዲስ ምላጭ ያለው መፋቂያ በዝቅተኛ ማዕዘን ወደ ፊት ብቻ ግፉ። ወደ ኋላ አትጎትቱት፤ ምላጩ ሥር የገባው አሸዋ ያን ጊዜ ነው የሚጭረው። የዛገ ምላጭ በፍጹም። በሙቀት የጠነከረ መስታወት፣ ጥጉ ላይ ትንሽ ማኅተም ያለበት፣ አንዳንዱ ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ላይ የማይታይ ጥቃቅን ቅንጣት ተጋግሮበት ስለሚመጣ ምላጭ ሲነካው ቅንጣቷ ተነቅላ መስታወቱን ታርሳለች። እዚያ ላይ አቼቶ፣ ለስላሳ ስፖንጅና ትዕግሥት ይሻላል። የደረቀ ሲሚንቶን በተለይ በኃይል አትፈትጉት፤ አቼቶ እየነካችሁ እስኪለሰልስ ጠብቁት።

የአዲስ አበባ ሕንፃዎች ላይ የበዛው አንጸባራቂ መስታወት ሌላ ጥንቃቄ አለው። የሚያንጸባርቀው ስስ ሽፋን በአንዱ ፊት በኩል ነው፤ በእናንተ በኩል ከሆነ ምላጭ ይልጠዋል። የእስክርቢቶ ጫፍ መስታወቱ ላይ አስጠጉ። ጫፉና ደማቁ ነጸብራቁ ከተነካኩ ሽፋኑ በእናንተ በኩል ነው፤ በመካከላቸው ክፍተት ካለ ከኋላ ነው። ጥቁር ፊልም የተለጠፈበት መስታወትም ምላጭ አይፈልግም፣ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ፊልሙን ያበላሻል። ፊልም ላይ ለስላሳ ጎማና ቀጭን የሳሙና ውሃ ብቻ።

የድሮዎቹ የብረት መስኮቶች፣ ትናንሽ መስታወቶች በስቱኮ የተያዙባቸው፣ ትዕግሥት ይፈትናሉ። 35 ሳንቲ ሜትሩ አይገባም። የብረቱን ቤት በመጋዝ ከመስታወቱ ስፋት ትንሽ አሳጥራችሁ ጎማውን በልኩ ቆርጣችሁ ብትገጥሙት እያንዳንዱ መስታወት በአንድ ጉተታ ያልቃል፤ መደረብ የለ፣ መስመር የለ። ስቱኮው ወጣ ገባ ከሆነ ግን ጎማ ዳር ላይ አይደርስም፤ ለዚያ ዓይነቱ እኔ መጥረጊያውን ትቼ እርጥብ ጨርቅ አስቀድሜ ደረቅ አስከትላለሁ። ጋዜጣም እዚህ ላይ ይሠራል። ክር አይለቅም፣ ውሃ ይጠጣል። ቀለሙ ግን ነጭ ፍሬም ያጠቁራል፣ እጅንም።

ከመሬት ከፍ ሲል

ኮንዶሚኒየም ላይ ብዙ ሰው መስኮቱ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ግማሽ ሰውነቱን አውጥቶ ውጪውን ይጠርጋል። አታድርጉት። ከውስጥ ሆናችሁ እጃችሁ የማይደርስበትን በአጭር ዘንግ የታሠረ መጥረጊያ ሞክሩ፤ ተንሸራታች መስኮት ከሆነ አንዱን ክፍል ወደ ሌላው አንሸራታችሁ የደረሳችሁበትን ጨርሱ፤ የቀረው ይቅር ወይም ገመድና ቀበቶ ያለው ባለሙያ ይምጣ። ቤሩትም ሆነ ዱባይ በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ አሠሪዋ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ የውጪውን መስታወት እንድታጸዱ ብትጠይቅ ‹‹ከውስጥ የሚደርሰኝን አጸዳለሁ›› በሉ፤ ከዚያ አትለፉ። ለዘንግ ሥራ ደግሞ ውሃውን ቀንሱ፤ ከላይ የሚንጠባጠብ ስፖንጅ የታችኛውን ጎረቤት መስኮት ያበላሻል፣ የተሰጣ ልብስም ካለ ጠብ ያመጣል።

ከሥራ በኋላ ጎማውን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት፤ ሳሙናው ላዩ ላይ ሲደርቅ ያጠነክረዋል። መጥረጊያው ተሰቅሎ ይቀመጥ። በጎማው ቆሞ ግድግዳ ላይ ከተደገፈ ጠርዙ ይጣመማል፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ ከመታውም ይሰነጣጠቃል። ሱቅ ወይም ካፌ ኖሯችሁ ጠዋት ጠዋት መስታወት የምታስጠርጉ ከሆነ ደግሞ ትርፍ ጎማ መሳቢያ ውስጥ አይጥፋ፤ ሠራተኛውም መስመር ሲያይ ሳሙና ሳይሆን ጎማ እንዲጠይቃችሁ አስለምዱት።